የሐሙሷ ጎል

«እስቲ ጎሏን እንዴት እንዳገባኋት ንገሪኝ» ሲል ፈንታሁን ወንድዬን ከግድግዳው ወዲያ ሰማው። ገና ከአልጋው አልወረደም። ግድግዳ ይባል እንጂ አንዱን ክፍል ሁለት ለማድረግ እሱ ራሱ የመታው ጣውላ ነው፤ ስንጥቁን ለመሸፈን ሚስቱ ጋዜጣ ለጥፋበታለች፤ ጋዜጣ ደግሞ ዓይን እንጂ ድምፅ አይከለክልም። ወንድዬ የሟች እህቱ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመቱ። መልስ የምትሰጠው ሐረግ የራሱ ልጅ ናት፤ ከወንድዬ ጋር እዚሁ ቤት አብራ ያደገች፣ ኳስ ስታወራ ከወንዶቹ የምትብስ። «ኮርነሯ ከቀኝ ተሻማች» አለች፣ ማበጠሪያው ፀጉሯ ውስጥ ሲንቋቋ ይሰማል። «አንተ ከሁለት ተከላካይ መሃል ተነሳህ፤ በቴስታ ገጨሃት! በረኛው እጁን ሳይዘረጋ መረቡ ተወጠረ። ከዚያ ማልያህን አውልቀህ ሮጥህ፤ ዳኛው ቢጫ ሰጠህ።» «ቢጫ ሰጠኝ?» «ኧረ በማርያም፣ ስንቴ ልንገርህ!» ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ደጅ ዶሮ ጮኸ፤ ባጃጅ አለፈ። ከዚያ ወንድዬ በዚያው ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳይለውጥ፣ «እስቲ ጎሏን እንዴት እንዳገባኋት ንገሪኝ» አለ። ሐረግ ይብሱን ሳቀች፤ ዝና የጠማው ሰው ጨዋታ መስሏታል። ፈንታሁን ግን እግሩን ወደ መሬት አውርዶ፣ ጫማውን ሳያጠልቅ፣ እንዲሁ ተቀመጠ።

ፈንታሁን ወጌሻ ነው። ከአባቱ የወረሰው እጅ አለው፤ የተሰበረ ክንድ በጨርቅ ላይ ዳብሶ የትኛው አጥንት ከየትኛው እንደራቀ ይናገራል፤ የወለቀ ትከሻ ሰውየውን በወሬ ይዞ ሳያስበው ይመልሳል። ከአባይ ሸለቆ አፋፍ ድረስ ሰው በቃሬዛ ይዘውለት መጥተዋል። ለዚህ ሥራው ዋጋ አይቆርጥም፤ የሰጡትን ይቀበላል፤ ካልሰጡትም መርቆ ይሸኛል። ለመካነ ሰላም ልጆች ቡድን ወጌሻ ከሆነ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ተጫዋች ሲወድቅ ሕዝቡ «ወጌሻ! ወጌሻ!» ይላል፤ እሱ በአንድ እጁ የውሃ ጠርሙስ፣ በሌላው ፋሻና ቅቤ ያለበትን ቦርሳ ይዞ ይሮጣል፤ በዚህ ዕድሜው ሲሮጥ ማየት የሚያስቃቸው አሉ፤ እሱም ደስ ይለዋል። ሐሙስ ዕለት፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ ወንድዬና የተጋጣሚያቸው ተከላካይ ላንዲት ኳስ ሲዘሉ ራስ ለራስ ተጋጩ። ድምፁ የእንጨት ድምፅ ነበር። ወንድዬ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ድረስ ሳይነቃ ተኛ። ፈንታሁን ውሃ ደፋበት፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ከማጅራቱ እስከ ግንባሩ ዳበሰው፤ አጥንቱ ሙሉ ነው፤ አንገቱ ሙሉ ነው። «ትችላለህ?» አለው። «እችላለሁ» አለ። ዓይኑ ግን ወደ አጎቱ እያየ አጎቱን አያይም ነበር፤ ከኋላው ቆሞ ሌላ ሰው የሚያነጋግረው ይመስል ነበር። ፈንታሁን ይህን አይቷል። አይቶም እጁን ወደ ዳኛው አንስቶ «ደህና ነው» አለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጎሏ ገባች፤ ከተማው ሦስት ቀን ሙሉ የሚያወራው ስለ እሷ ነው፤ መንገድ ላይ የማያቅፈው፣ ሻይ የማይጋብዘው የለም። አግቢዋ ግን አያውቃትም።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ ጎል አላነሳም። ወንድዬ ከመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጋቢውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ተቀመጠ፤ ዳቦውን ቆርሶ ቆርሶ ሰሃኑ ላይ ደረደረው እንጂ አልበላም። ዓርብ ዕለት ሁለት ጊዜ አስመልሶት ነበር። የፈንታሁን ሚስት ፍቅርአዲስ ነገሩን ያኔውኑ ነው የቆረጠችው፦ ላብ እንዳሰመጠው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲታቀፍ ስለዋለ ምች መትቶታል። ከጓሮዋ ዳማከሴ ቆርጣ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን በአፍንጫው ጨመረችለት፤ በላቡ ወጥቶለታል ትላለች። «ዛሬማ ለቆታል» አለች፣ ሻይ እየቀዳች፣ ከማንም መልስ ሳትጠብቅ። ፈንታሁን የሻይ ብርጭቆውን ያዘ፤ አልጠጣም። ሊናገር ያሰበውን ሦስት ጊዜ ከጉሮሮው መለሰና በመጨረሻ፣ «ዛሬ ባትጫወትስ?» አለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ዝቅ አድርጎ። ወንድዬ ከጋቢው ሥር ፈገግ አለ። «ጋሼ ዛሬ ቀልድ አምሯቸዋል» አለ። ሐረግ፣ «አባዬ፣ ከደሴ ክለብ መልማይ መጥቷል እኮ! አጅባሮቹን ሊያይ ነው እንዴ?» አለች። ዛሬ የፍጻሜው ቀን ነው፤ ተጋጣሚያቸው የአጅባር ልጆች ናቸው። ወንድዬ ታኬታውን በፌስታል ጠቅልሎ ሲወጣ የበሩን መቃን በትከሻው ገጨ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሲወጣበት ሲገባበት የኖረውን በር።

አሰልጣኙ አወቀ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነው። ፈንታሁን ሲደርስ በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ከኮሚቴዎቹ ጋር ፓስታ እየጠቀለለ ነበር። «ጋሽ ፈንታሁን! ይምጡ፣ ይቀመጡ! ሰሃኑ መቶ ሠላሳ ብር ገብቷል፤ ዛሬ ግን ከፋዩ ኮሚቴው ነውና ይጣፍጣል» አለ። ፈንታሁን ሳይቀመጥ፣ «ወንድዬ ዛሬ አይጫወትም» አለው። ሹካዋ ቆመች። «እግሩን ነው?» «ራሱን ነው። የሐሙሷን ጎል አያስታውሳትም።» አወቀ አፉን አበሰና ሳቀ። «እኔም የሠርጌን ቀን አላስታውስም፤ ይኸው አሥር ዓመት በሰላም እየኖርሁ ነው!» ጠረጴዛው በሙሉ ተንከተከተ። ነገር ግን አወቀ ተነስቶ ክንዱን ይዞ ወደ ግንቡ ጥግ ሲወስደው ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ሐሙስ ዕለት ሕዝብ ፊት እጅዎን አንስተው ደህና ነው ያሉት እርስዎ ነዎት» አለ። «እኔ አይደለሁም። ዳኛውም አይደለም። በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ትናንት ልምምድ ሠርቷል። ዛሬ ምን ልበል? ሰውዬው ከደሴ ድረስ የመጣው ለማን ሆነና?» «ተሳስቼ ነው በላቸው።» «ወጌሻ አይሳሳትም» አለ አወቀ። ሲናገረው ውዳሴ ይመስላል፤ ፈንታሁን ግን ዛቻው ገባው፦ ሐሙስ ተሳስተህ ከሆነ ሌላ ጊዜስ? አወቀ ግን ያን ያህል አላሰበም፤ ያሰበው ፈንታሁን ነው።

ከዚያ ወደ ሀያት ሄደ። ወደ ሀያት መሄድ ለእሱ ቀላል መንገድ አልነበረም። ሀያት የሆስፒታሉ ነርስ ናት፤ አምና እሱ ያሰረው የአንድ ሕፃን ክንድ ቀርከሃው ጠብቆ ጣቶቹ ሲጠቁሩ እሷ ናት የፈታችው፤ ሰው በተሰበሰበበት «ደሙን ዘግተውታል! እጁ ይቆረጥ ነበር እኮ!» ብላ ጮኻበታለች። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ካያት መንገድ ይቀይራል። አሁን ግን ተረኛ ክፍሉ በር ላይ እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ ቆመ። «አባባ ፈንታሁን! በደህና ነው?» «ደህናስ አይደል፣ ልጄ።» ወንበር ሰጠችው፤ ጉዳዩን ነገራት። ሳታቋርጥ ሰማችው፤ ከዚያ መጠየቅ ጀመረች፦ ስንት ደቂቃ ራሱን ሳተ? አስመለሰው? ብርሃን ያውከዋል? እንቅልፍ ያበዛል? ያለ ምክንያት ይቆጣል? አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል? ፈንታሁን የመጀመሪያውን ከመለሰ በኋላ ለቀሩት ሁሉ «አዎ» እያለ፣ ይህች ልጅ ከጋዜጣው ግድግዳ ወዲያ ተኝታ የከረመች እስኪመስለው ተደነቀ።

«እጄ ግን ምንም አላገኘም» አለ። «አጥንቱ ሙሉ ነው።»

«አጥንቱማ ሙሉ ነው» አለች። «እንቁላል ሳይሰበር በጣም ቢናጥ፣ ቅርፊቱን ቢዳብሱት ምን ያገኛሉ? ውስጡ ነው የተናጠው። ይህ በቅቤ አይታሽም፤ በዳማከሴም አይለቅም። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው፤ ስልክ ላይ ማፍጠጥ የለ፣ ሩጫ የለ፣ ኳስ የለ፤ ራስ ምታቱ ጨርሶ ከተወው በኋላ ቀስ በቀስ ነው የሚመለሰው። ብዙው ሰው ይድናል፣ አብሽሩ። አደጋው ሳይድን ሁለተኛ ሲመታ ነው።»

«ቢመታስ?»

«አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ሰዓታት ነው። ደግሞ ትልቅ ምት አያስፈልገውም፤ ትንሿ ትበቃለች። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ያንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ቢቀሰቅሱት አልነቃ ካለ አንዲት ደቂቃ አይቆዩ።»

ፈንታሁን ወለሉን አየ። «እንዲያ የሆነ ሰው… ምች የመታው አይመስልም?»

«ይመስላል። ፀሐይ ላይ ከዋለማ ማንም ምች ነው ይላል።» ቀና ብላ አየችው። «አሁን ስለ ወንድዬ ነው የሚጠይቁኝ?»

ለአሰልጣኙ የሚያሳየው ወረቀት እንድትጽፍለት ለመናት፤ ሳታየው እንደማትጽፍ፣ እስከ ማታ ተረኛ እንደሆነችና ይዞት እንዲመጣ ነገረችው። ከግቢው ወጥቶ ለወንድዬ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። አወቀ በጨዋታ ቀን የልጆቹን ስልክ ሰብስቦ ይይዛል።

ከሆስፒታሉ እስከ ሜዳው ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ፈንታሁን ግን ሁለት ጊዜ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። የሚጫወቱበት ዋንጫ የምናለ መታሰቢያ ይባላል። ምናለ የቡድኑ አምበል ነበር፤ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት በታኅሣሥ ሞተ። እናቱ ወርቂቱ እኩለ ቀን ላይ ወደ ወንድሟ አውድማ ስንዴ እንዲያበራይ ላከችው፤ ከዚያ ራሱን ይዞ ተመለሰ፤ አስመለሰው፤ ዳማከሴ ተጨመቀለት፤ ሲነጋ የለም። ምች ነው አሉ። እናቱ ከዚያ ቀን ወዲህ በየለቅሶው «በዚያ ጠራራ የላክሁት እኔ፣ እኔው በላሁት» እያለች ደረቷን ትመታለች፤ ሰውም «የፈጣሪ ሥራ ነው፣ አንቺ ምን አጠፋሽ» ይላታል፤ እንዲህ ሲሏት የላከችው እሷ መሆኗን ግን ማንም አይክድላትም። ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ምናለ ከመሞቱ ከዘጠኝ ቀን በፊት በጨዋታ ላይ በጭንቅላቱ ወድቆ ነበር፤ ፈንታሁን ውሃ ደፍቶበት መለሰው። በሳምንቱ፣ ከአውድማው በፊት በነበረው ቀን፣ የአንዱ ክርን ጆሮ ግንዱን ነካ አደረገው፤ ቀላል ነበረች። ፈንታሁን ሮጦ ሲደርስ ምናለ በጉልበቱ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ሜዳው ይዞርብኛል» አለው። እሱ ደግሞ፣ «አብሽር፣ ውሃ ጠጣ» አለው። ይህን የሰማ ሦስተኛ ሰው የለም። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰባት ቀን ሙሉ ሲቀመጥ ቃሉ ምላሱ ሥር ነበረች፤ ወርቂቱ አጠገቡ መጥታ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ፈንታሁን፣ እንደ ልጅዎ አዘኑለት» ስትለው ዋጣት። ያኔ ይጠረጥር ነበር እንጂ አያውቅም። ከዛሬ ረፋዱ ጀምሮ ግን ያውቃል።

ሜዳው ከከተማው ጫፍ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። በገመድ ታጥሯል፤ መግቢያው ሃያ ብር፤ ተዳፋቱ ላይ ሰው እንደ ተዘራ እህል ሞልቷል። የአጅባር ደጋፊዎች በሁለት አይሱዙ ተጭነው መጥተው «ዋንጫውን ፌስታል አዘጋጁለት!» እያሉ ይሳደባሉ፤ የመካነ ሰላሞቹ «ለመመለሻችሁ ነዳጅ አላችሁ? እንዳታለቅሱ እንጂ!» ይሏቸዋል። በአንደኛው ጎል ጀርባ የምናለ ስምና ፎቶ ያለበት ጨርቅ ተወጥሯል። ከኮሚቴው ጠረጴዛ አጠገብ፣ በጃንጥላ ሥር፣ ወርቂቱ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች፤ ዋንጫውን ለአሸናፊው የምትሰጠው እሷ ናት። ወንድዬ ከመስመሩ ዳር ሲያሟሙቅ ነበር። አንዱ በእጁ ኳስ ይወረውርለታል፤ እሱ በቴስታ ይመልሳል። ይወረውራል፤ ይመልሳል። ፈንታሁን ያቺ «ጥፕ» የምትል ድምፅ በመጣች ቁጥር መንጋጋውን ይነክሳል። ቆጠረ፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። በስምንተኛው ገመዱን ጎንበስ ብሎ አልፎ ገባና ኳሷን ከአየር ላይ በእጁ ያዛት።

«ና ውጣ።»

«ጋሼ፣ ሰው ያየናል።»

«የሐሙሷን ጎል እንዴት አገባሃት?»

ወንድዬ ዓይኑን ከፀሐዩ አጨንቁሮ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው አወረደው፦ ኮርነሯ ከቀኝ ተሻማች፤ ከሁለት ተከላካይ መሃል ተነሳሁ፤ በቴስታ ገጨኋት፤ በረኛው እጁን ሳይዘረጋ መረቡ ተወጠረ። የሐረግ ቃል ነው፤ ቃል በቃል አጥንቶታል። ፈንታሁን፣ «እሺ። ከዚያ በፊት ከማን ጋር ተጋጨህ?» አለው። ይህን ሐረግ አልነገረችውም። የልጁ ዓይን ወዲያ ወዲህ ተንከራተተ፤ ከዚያ እንባ ሞላው። «ጋሼ፣ በእናቴ አፅም ይሁንብዎ፣ ዛሬን ብቻ። ዛሬን ብቻ ልጫወት። እኔ ሌላ ምን አለኝ?» አለ። በእናቱ አፅም ሲለው እህቱ በፊቱ ቆመች፤ ኳሷን ይዞ ወደ ጠረጴዛው የተራመደው ትንሽ ቢቆይ እሺ እንደሚለው ስላወቀ ነው።

አወቀ የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ለዳኛው እየሰጠ ነበር። «አውጣው» አለው ፈንታሁን። «በዕረፍት ሰዓት እናየዋለን» አለ አወቀ ቀና ሳይል። «አሁን ነው። ዳግመኛ ከተመታ ይሞታል።» «ኧረ ጋሽ ፈንታሁን፣ በዚህ ቀን ሟርት ምንድን ነው! ኳስ ሰው ገድሎ ያውቃል?» ኮሚቴዎቹ ፈገግ አሉ። ፈንታሁን የወርቂቱን ጃንጥላ አየ፤ በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ አትሰማውም ነበር። ዝቅ አላደረገም። «ምናለን የገደለው ይኸው ነው» አለ። «ራሱን ተመቶ ነበር። ሜዳው ይዞርብኛል አለኝ። እኔ ነኝ ውሃ አጠጥቼ የመለስሁት። ምች አይደለም።»

አወቀ «ዝም ይበሉ፣ እናቱ—» ብሎ ጀመረና ተወው፤ ወርቂቱ ተነስታ ነበር። የጃንጥላው ጥላ ከፊቷ ላይ ሸሸ። አጠገቡ መጥታ ቆመች፤ አጭር ሴት ናት፤ ፊቱን ለማየት አንገቷን ቀና ማድረግ ነበረባት። ተዳፋቱ ላይ ያለው ሕዝብ አሁንም ይዘፍናል፤ የሰሙት ጠረጴዛው አጠገብ ያሉት ሰባት ስምንት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«አውድማው አይደለም?» አለች።

«አይደለም፣ እታለም።»

«ፀሐዩስ?»

«አይደለም።»

«እኔ የላክሁት…»

«ባትልኪውም ኖሮ ያው ነበር። ከጨዋታው በኋላ ወዲያው ወዳንቺ መጥቼ ይህ ልጅ ተመቷል፣ ይተኛ፣ ሐኪም ይየው ማለት ነበረብኝ። አላልሁም።»

ወርቂቱ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ስታጠነክረው የጣቶቿ አንጓ ነጣ። ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታው ደስ ባለው ነበር። እሷ ግን ከእሱ ዞር አለችና ወደ አወቀ፣ «ያንን ልጅ ካስገባኸው የልጄን ስም ከዚያ ጨርቅ ላይ አውርድ» አለችው። «ዋንጫህንም ራስህ ስጥ።» አወቀ ዳኛውን አየ፣ ኮሚቴዎቹን አየ፣ ከደሴ የመጣውን ባለ ኮፍያ ሰውዬ አየ፤ ማናቸውም አላገዙትም። ከዝርዝሩ ላይ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ አንድ ስም ሰረዘ። ወርቂቱ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ፈንታሁን የሆነ ነገር ሊላት ሲጠጋ እጇን አንስታ አቆመችው። «ይሂዱልኝ» አለች፣ ሜዳውን እያየች። «ይቅር ብያለሁ አልልዎትም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራዬን እየቆረሱ አጽናኑኝ። አሁን ልጁን ይዘው ከፊቴ ይሂዱ።»

ወንድዬን በክንዱ ይዞ በሕዝቡ መሃል ሲያልፍ ወሬው ገና አልደረሰም ነበር፤ ደጋፊው «ወዴት ነው? አግቢያችንን ወዴት ትወስደዋለህ? አጅባር ስንት ከፈለችህ?» እያለ ይጮህበታል፤ አንዱ የብርቱካን ልጣጭ ወረወረ። ወንድዬ አልታገለውም። ባጃጁ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ኮብልስቶኑ ላይ ሲነጥሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ በሆስፒታሉ በር ላይ ከመውረዱ አስመለሰው።

ሀያት ዓይኑን በትንሽ ባትሪ አየች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ መልሳ የመጀመሪያውን። «ብሌኖቹ እኩል ናቸው፤ አልሃምዱሊላህ» አለች። በአንድ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እንዲራመድ አዘዘችው፤ በአራተኛው እርምጃ ወደ ግድግዳው አጋደለ። ወራቱን ከነሐሴ ወደ ኋላ እንዲቆጥር ጠየቀችው፤ ግንቦት ላይ ሲደርስ ጠፋበት፤ ሊያገኘው ሲል ተናዶ ተወው። ሐኪሙም መጥቶ አየው፤ እዚሁ እያደረ እንዲታይ፣ ትንሽ እንኳ ከባሰ ሳይውል ሳያድር ለራስ ምርመራ ወደ ደሴ እንዲላክ ወሰነ። ክፍሉ አራት አልጋ አለው፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ መስኮቱ ላይ ሀያት ብርሃኑ እንዳያውከው አንሶላ ሰቀለችለት። «በየግማሽ ሰዓቱ እኔ አየዋለሁ» አለችው ፈንታሁንን። «እርስዎ ደግሞ በመሃል ይጠይቁት፦ የት እንዳለ፣ ቀኑን፣ ማን አጠገቡ እንዳለ። ቢናደድም ይጠይቁት። አንዲት ነገር ከተሳሳተ ይጥሩኝ።»

ወንድዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ከሩቅ፣ ከባሕር ዛፉ በኩል፣ አንድ ትልቅ ጩኸት ተነሳና ቆየ፤ ጎል ገብቷል፤ የማን እንደሆነ ግን ከዚህ አይለይም። የልጁ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ፈንታሁን መጀመሪያ ሀያት ያለችው መንቀጥቀጥ መስሎት ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ ጎንበስ ብሎ ሲያየው እያለቀሰ ነው። ተመልሶ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና አያቸው፤ የት እንደሚያሳርፋቸው አላወቀም። እንዲህ ጥቂት ቆይቶ፣ እንደታዘዘው፣ «ወንድዬ» አለ።

ትከሻውን ነካ አደረገው።

«ወንድዬ! የት ነው ያለኸው?»

«ሆስፒታል።»

«ቀኑ ምንድን ነው?»

«እሑድ። የፍጻሜው ቀን።»

«እኔስ ማነኝ?»

ዝምታው ረዘመ፤ ፈንታሁን ሀያትን ሊጣራ አፉን ከፈተ። ያኔ ወንድዬ ከግድግዳው ሳይዞር፣ «አጎቴ ነህ» አለ። አፉን ከፈታ ጀምሮ አጎቱን «አንተ» ብሎት አያውቅም። «ሕይወቴን ያበላሸኸው አጎቴ ፈንታሁን ነህ።»

ሀያት የመድኃኒት ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «መለሰልዎት?» አለች።

«መለሰ» አለ ፈንታሁን። «ምንም አልተሳሳተም።»